የእድሩ ሳጥንና ቢጫዋ መስመር

ትናንት ጦር ኃይሎች ቻርጀሬን ላሠራ ቆሜ ሳለ ጠጋኙ የመበየጃ ካውያውን ስታኞው ላይ ሲያሳርፈው ያቺ ጭስ ተነሳች። የተቃጠለ ሙጫ የሚመስል ሽታ አላት፤ ጉሮሮ ትከረክራለች፣ ግን ደስ ትላለች። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሰውዬው «እህቴ፣ አልቋል እኮ» ሲለኝ ሁለተኛ ጊዜው ነበር። እኔ ግን ጦር ኃይሎች አልነበርኩም፤ አየር ጤና፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ነበርኩ።

እኛ ቤት «በእኛ ጊዜ» ብሎ ወሬ ለመጀመር ቢያንስ የልጅ ልጅ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ገና አሥራ ስምንቴ ነው። እናቴ ስትሰማኝ «ደግሞ አንቺ የምን ጊዜ አለሽ?» ትለኛለች። አለኝ እንጂ። ሦስት ዓመት ለአዲስ አበባ ቀላል ዕድሜ አይደለም። ያኔ ሳምቡሳ አምስት ብር ነበር፣ ውስጡም ምስር ይታይ ነበር። ሴቱ ሁሉ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ይለብስ ስለነበር ክረምት ላይ ሁላችንም እስከ ጉልበታችን ጭቃ ነበርን፤ ማንም ግን ሱሪውን አላሳጠረም። አየር ጤና ተራ የሚጠብቁት ሚኒባሶች በሙሉ ያን ክረምት አንድ ዘፈን ብቻ ነበር የሚያጫውቱት። ከፊተኛው መኪና እስከ ኋለኛው ስትሄዱ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ይከተላችኋል፣ አንዱ የጀመረውን ስንኝ ሌላው ይጨርሰዋል። ረዳቱ ሳንቲም ሲያጥረው ማስቲካ ይመልሳል። የአጎቴ ሱቅ ከፌርማታው ጀርባ፣ በጎሚስታውና በጁስ ቤቱ መሀል ነበር፤ ስለዚህ የልጅነቴ ሽታ ጎማ፣ አቮካዶና ስታኞ ነው። ዛሬ ጎሚስታው የለም። ጁስ ቤቱም የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዳሩ ላይ ዛፍ ተተክሏል። ያምራል፣ አላማርርም።

አጎቴ ነስሩ ሪሲቨር፣ ስቶቭ፣ ቴሌቪዥን፣ የሰው ጆሮ ማዳመጫ ሳይቀር ይጠግናል። የሚወደው ግን ኮድ መጻፍ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን የጨረስኩ ክረምት እናቴ «ቤት ተቀምጣ ስልክ ከምታይ አንተ ጋ ትቀመጥ» ብላ ላከችኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ብሎን ስለይ ዋልኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አሮጌ ላፕቶፕ አስጠጋልኝና «ይሄ የእድሩ ሳጥን ኮድ ነው፤ አጽጂልኝ» አለኝ።

የሳጥኑን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ። የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው፣ ከላይ ሰፈር እስከ ወንዙ ድረስ እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። በኋላ ደረታቸው ታፈነና ሐኪም መንፋት ከለከላቸው። ያኔ ልጃቸው ሳሙኤልና አጎቴ ነስሩ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፣ አንድ ዘዴ ዘየዱ። ጋሽ ደምሴን እድር ቤቱ ውስጥ አስቀምጠው ለመጨረሻ ጊዜ አስነፏቸውና ድምፁን ቀረጹት። ከዚያ ትንሽ ሳጥን ሠርተው ከእድር ቤቱ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ የድምፅ ማጉያ ጋር አገናኙት። ሞት ሲሰማ የእድሩ ፀሐፊ ቁልፍ ይጫናል፣ ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ ፀሐፊው በማይክ ስሙን ይናገራል።

ሲቀርጹ ግን አንድ ነገር አብሮ ተቀረጸ። ጡሩምባው ከመጮኹ በፊት ጋሽ ደምሴ ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል። ረጅም፣ ትንሽ ሲር የሚል ትንፋሽ ነው፣ በሰፈሩ ሁሉ ላይ፣ ከላይ። ሰው ከጡሩምባው ይልቅ እሱን ነበር የሚፈራው። ትንፋሹ ሲሳብ የያዛችሁት ሁሉ እጃችሁ ላይ ይቆማል፤ ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም፣ ግን የሆነ ሰው እንደሆነ ታውቋል።

ሳጥኑ ከተሰቀለ ዓመት ሳይሞላ ሳሙኤል ታሞ ሞተ። ፀሐፊው ቁልፉን ሊጫን ሲል ጋሽ ደምሴ እጁን ያዙት አሉ። «የልጄን እኔ ነኝ የምነፋው።» ጡሩምባውን ከግድግዳ አውርደው ወጡ። አራት ቦታ ላይ ግድግዳ ተደግፈው እያረፉ እስከ ወንዙ ድረስ ነፉ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ከአጥራችን ሥር ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጡሩምባውን ማንም አላየውም። ጋሽ ደምሴ መንፋት ከተከለከሉ ጀምሮ፣ ሳሙኤልም በሕይወት እያለ፣ ከእድር ቤቱ ጋር በተያያዘችው አንዲት ክፍል ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። የቀራቸው ሥራ አንድ ነው፤ በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ እንዳይሻግት የእድር ቤቱን የብረት በር ከፍተው ማናፈስ። የሰፈራችን ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች «ለሰፈሩ ሁሉ እሳቸው ነፉ፤ ለጡሩምባ ነፊውስ ማን ይነፋለታል?» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ቀልድ ነው። ሲሉት ግን ወደ እድር ቤቱ አያዩም።

እንግዲህ ያን ክረምት መብራት እየሄደ እየመጣ ሳጥኑን ሰዓት ያሳስተው ስለነበር አጎቴ አውርዶት ሱቅ አመጣው። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ሰሌዳ ከተበላሸ ማሽን የተነቀለች ሚጢጢ ናት፣ ከባድ ነገር አትሸከምም። ስለዚህ ሁለቱ ጓደኛሞች ከርነሏን ራሳቸው ጻፉላት። ከርነል የማሽን ዘበኛ በሉት። ማን ይሥራ፣ ማን ይጠብቅ፣ ቁልፉ ተነካ አልተነካም የሚለውን ሁሉ የሚያየው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሲተኛ እሱ አይተኛም።

እኛ የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ደግሞ ኮምፓይለር ይባላል። ስህተት ካገኘ በቀይ ጽፎ ይቆማል። ስህተት ያልሆነ፣ ግን ያልጣመው ነገር ካየ በቢጫ አስጠንቅቆ ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን ስጫነው ስክሪኑ እንደ መስከረም ሜዳ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ደስ አለኝ። አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ፤ ስም ተሰጥቶት የተረሳውን አነሳሁ፣ የተዛነፈውን አቃናሁ። ሦስት ቀን ሠርቼ በመጨረሻ አንዲት መስመር ብቻ ቀረች። ወደ አማርኛ ስመልሳት እንዲህ ትላለች፤

«‘አባዬ’ የሚል ፈንክሽን ተጽፏል፤ የተጠቀመበት ግን የለም።»

ፈንክሽን ማለት ስም ተሰጥቶት፣ ሥራው ተጽፎለት የሚጠብቅ ቁራጭ ኮድ ነው። ሌላ ኮድ በስሙ ካላዘዘው ለዘላለም እንደጠበቀ ይኖራል። ገብቼ አየሁት። እሱ ራሱ አምስት መስመር ነው። ከሥሩ ግን ቁጥር አለ። ቁጥር ብቻ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ተመልሶ ዜሮ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ፤ የሆነ ነገር ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣ ይመስላል። ወደ ታች ብገፋው አያልቅም። ጣቴ እስኪደክም ገፋሁት። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶ ስታኞ እያቀለጠ ነበር፣ ሽታው ሱቁን ሞልቶታል፣ ውጭ ይዘንባል፣ እኔ ቁጥር ላይ ነኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሆነ ሰው የተኛበት ክፍል የገባሁ መሰለኝ።

ቆሻሻ ነው ብዬ በሙሉ መርጬ ሰረዝኩት። ሴቭ ሳላደርግ መብራት ጠፋ።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ከፈትኩት፣ ኮምፓይለሩን ተጫንኩት። ቢጫዋ መስመር እዚያው አለች። ሁለተኛ ለመሰረዝ እጄ እምቢ አለኝ፤ ፈራሁ ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ከርነል የሚጽፉ ሰዎች የሚለጥፉት አንድ ምልክት አለ፤ ፈንክሽኑ ፊት ስታስቀምጡት «ይሄ ምናልባት ላያገለግል ይችላል፣ አትጨነቅ» እንደማለት ነው። ኮምፓይለሩም ዝም ይላል። ለጠፍኩት። ስክሪኑ ንጹሕ ሆነ። እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

«ጋሼ፣ ና እይ። አንድም ቢጫ የለም።»

አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ፈገግታው ቀረ።

«አንዷስ? ያቺ የመጨረሻዋ?»

«ምልክት ለጠፍኩባት።»

«እና ሰማሻት ወይስ አፏን ያዝሽ?»

«ማስጠንቀቂያ እኮ ናት፣ ስህተት አይደለችም።»

«ማስጠንቀቂያ ስሞታ ነው ሐያት። ስሞታ የቀረበለት ሽማግሌ ማን በደለህ ብሎ ይጠይቃል እንጂ የተበዳዩን አፍ አይዝም።» መነጽሩን ዓይኑ ላይ መለሰ። «ለነገሩ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያት ኖሬ አልፌያታለሁ። አንቺ አፏን ያዝሽ፣ እኔ ጆሮዬን። ማን ይብሳል?»

«አንተ» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ሳይስቅ። «የሳሚ ናት። ከሞተ በኋላ የጻፈውን ከፍቼ ማየት አልሆነልኝም።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሁለታችን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን አነበብነው። ምልክቱን አነሳሁት፣ ቢጫዋም ተመለሰች። ከዚያ ስሟን ይዘን ፋይሉን ሁሉ ፈለግን፣ ማነው ይህችን ሊጠቀምባት የነበረው ብለን። አገኘነው። ሳሙኤል ሌላ ቦታ ላይ ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል፤ «በሩ እስከ ሦስት ሰዓት ካልተከፈተ መጀመሪያ አባዬ። እስከ አራት ካልተከፈተ ጡሩምባው።» ከማስታወሻው ሥር ትእዛዙ በሥርዓት ተጽፏል። ግን ትእዛዙ በሁለት መስመር መሀል ተዘግቶበታል፣ መዝጊያውም ከላይ አንድ ቃል ነው፤ የበር ሽቦ፦ የለም። ሽቦው እስኪዘረጋ ብሎ ዘግቶት፣ ሳይዘረጋው ሄደ። ኮምፓይለሩ ደግሞ የተዘጋውን አያይም። ስለዚህ በተጫንነው ቁጥር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይህ ልጅ የሚጠራው አጣ እያለ ነገረን።

«ሽማግሌው ብቻቸውን ቢወድቁ የሚያውቅ የለም ብሎ ነው» አለ አጎቴ። «ሱቅ በር ላይ የሚቀለደውን ሰምቶ ነው።»

«ቁጥሮቹስ?»

«ድምፅ ናቸው። የሳጥኑ ሚሞሪ ካርድ የያዘው ጡሩምባውን ብቻ ነው፤ ይሄንን ኮዱ ውስጥ ከተተው። የምን ድምፅ እንደሆነ ግን እንጃ።»

አንድ ነገር ጨመረልኝ። ኮምፓይለሩ ማንም የማይጠቀምበትን ፈንክሽን ወደ ማሽኑ አያስገባውም፤ ደጅ ያስቀረዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሳሙኤል ከሞተ ጀምሮ አጎቴ ሱቅ፣ እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ፣ በር ላይ ነው የቆመው። ይህን ሲለኝ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ጁስ ቤቱ ብቻ ነው ያለው።

ቅዳሜ ሳጥኑን፣ ሽቦና ማግኔት ይዘን እድር ቤት ሄድን። ጋሽ ደምሴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው።

«ምንድን ነው የምታስርበት ነስሩ? ሌባ መጣ?»

«በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያውቅ ማግኔት ነው ጋሽ ደምሴ። ሳሚ ጀምሮት የነበረ ሥራ ነው።»

«ሳሚ የጀመረውን ሁሉ ልጨርስ ካልክ ዕድሜህ አይበቃህም። ከሰባተኛ ክፍል የጀመረው ብስክሌት አለ አልጋዬ ሥር።»

ሳቅን። እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ «የለም» የሚለውን «አለ» ብዬ ለወጥኩና ተጫንኩ። ቢጫዋ መስመር ጠፋች። ሳልሰርዛት፣ ምንም ሳልለጥፍባት፣ በራሷ ጊዜ።

አጎቴ እንዴት እንደሚላቸው ሲያስብ ቆይቶ ጋሽ ደምሴን «ነገ ለሙከራ በሩን እስከ ሦስት ሰዓት አይክፈቱት» አላቸው። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። እኛም የምንነግራቸውን አናውቅም።

በማግስቱ ጭጋግ ነበር። የነሐሴ ጭጋግ ኮልፌ፣ እኛ ሰፈር ላይ ሲወርድ ከወንዙ በታች ያለው ሰፈር ይጠፋል፣ ድምፁ ብቻ ይቀራል። አንዲት ጎረቤታችን ባኞዋን ደጅ አውጥታ ልብስ ታጥባለች። የሰፈሩ ሱቅ ተከፍቷል። ጋሽ ደምሴ ቁልፋቸውን ይዘው ከብረት በሩ ፊት ቆመዋል፣ እኔና አጎቴ ከጎናቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ከላይ ትንፋሹን ጠበቅን። ትንፋሽ አልተሳበም። ትንሽ ሹሽታ ብቻ፣ ያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ ከሩቅ እየቀረበ የመጣው ነገር መጣ።

«አባዬ። ነቅተሃል? በሩን ክፈት።»

የሳሙኤል ድምፅ ነው። እኔ እንኳን አወቅሁት። የሚጣደፍ፣ ትንሽ የሚስቅ፣ ከሥራ በፊት ደረስ ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ድምፅ። በጭጋጉ ላይ ሄዶ ከወንዙ ማዶ ተመለሰ። ልብስ የምታጥበው ሴትዮ እጇ ባኞው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ወጥቶ ግራ ቀኝ አየ። አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አላዩም። እንደ ማንኛውም ቀን፣ ልጁ እንደቸኮለበት አባት፣ ትንሽ ተቆጥተው «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» አሉና በሩን ከፈቱት።

ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ የመጣው። ጋሽ ደምሴ በሩን ማዘግየት ጀመሩ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በየቀኑ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ያ ድምፅ በሰፈሩ ላይ ያልፋል። ሰው ተሸበረ። እድሩ ስብሰባ ጠራ፤ «ሙት በማጉያ ይናገራል እንዴ፣ ልባችን ሊቆም ነው» ያለ አለ፣ «አባትና ልጅ ናቸው፣ ምን አገባችሁ» ያለም አለ። የእድሩ ዳኛ አጎቴን ጠርቶ «ወይ ዝም አሰኘው፣ ወይ ሽማግሌውን አናግር» አለው። አጎቴ ደግሞ እኔን ላከኝ። እኔን ይወዱኛል።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ክፍላቸው ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አስረው፣ ቁልፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣሪያውን ያያሉ። ብስክሌቱ እውነትም አልጋው ሥር ነው፣ ጎማ የለውም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ደህና ነዎት?»

«ቆይ ዝም በይ፣ ሊል ነው።»

አለ። እሳቸውም «እሺ፣ መጣሁ» አሉ፤ ግን አልተነሱም።

«አንዴ ብቻ ነው የሚለው?»

«አንዴ ነው። ከዚያ አራት ሰዓት ላይ የእርስዎ ጡሩምባ ነው።»

«ሁለቴ እንዲል ማድረግ ትችያለሽ አይደል? ነስሩ ትችላለች ብሎኛል።»

እችል ነበር። አንድ ቁጥር መለወጥ ነው። አያቸው ነበር፤ እንዲህ ሲጠይቁኝ ትንሽ ልጅ ይመስላሉ። ግን ያቺ ቢጫ መስመር ትዝ አለችኝ፤ ሁለት ዓመት አንድ ነገር ስትደጋግም ለምደናት እንዴት እንዳለፍናት።

«ሁለቴ ካለ ሰው ይለምደዋል። ጋሽ ደምሴ፣ አሁንም ሊለምዱት ነው። አንድ ቀን የምር የወደቁ ዕለት ሱቅ በር ላይ ያሉት ‘ይከፍታሉ ባክህ’ ብለው ቁጭ ይላሉ። ሳሚ የፈራው ይሄንኑ ነው።»

ቁልፉን እጃቸው ላይ አገላበጡት። እኔ አራት ሰዓት እንዳይሆን ሰዓት አያለሁ።

«እኔ እኮ ለሦስት መቶ ሰው ነፍቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያም ይበልጣል። አንድም ቀን ተሳስቼ አልነፋሁም።» ተነሱ። «በሩን ዘግይቼ እከፍታለሁ፣ እሱን አትከልክሉኝ። እሱ ባለ በአምስት ደቂቃ ግን ይከፈታል። ካልተከፈተ እውነት ነው በይ። በልጄ።»

እኔም ሄጄ ለዳኛው እንዲሁ ነገርኩ። እድሩም እንዲሁ አጸደቀ።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ጋሽ ደምሴ ቃላቸውን ጠበቁ። ሰፈሩ ሰዓት ያስተካክልበት ጀመር። ሦስት ሰዓት ላይ «አባዬ። ነቅተሃል? በሩን ክፈት»፣ ከዚያ ያ የብረት በር ሲያቃስት። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» ይሉ ነበር። በዚያ መሀል ሳምቡሳው ተወደደ፣ ዘፈኑ ተቀየረ፣ ሱሪው ጠበበ። የሳሙኤል ድምፅ ብቻ ያው ነው። አንዳንዴ ግን ቤት ሆኜ ስሰማው፣ ከበፊቱ የበለጠ የቸኮለ ይመስለኝ ነበር። ቁጥር ነው፣ አይለወጥም፤ እኔው ራሴ አውቃለሁ።

አንድ የበጋ ጠዋት ለፈተና እያጠናሁ ድምፁ አለፈ። በሩ እስኪያቃስት ብዕሬን ከፍ አድርጌ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ። ስድስት። ሰባተኛው ላይ ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ተነስተው ቆመዋል። ማንም «ይከፍታሉ ባክህ» አላለም። አብረን ሄድን፤ መንገድ ላይ ቁጥራችን ጨመረ። የክፍላቸው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳን፣ ስማቸውን ጠራን። አንዱ መፈንቅል ሊያመጣ ሮጠ፤ ከቤት ቤት ሲፈልግ ብዙ ቆየ። ለአጎቴ ደወልኩለት፣ ከአየር ጤና በሞተር እየመጣ ነበር።

በሩን ሲፈነቅሉት አራት ሰዓት ሆነ።

ከላይ ትንፋሽ ተሳበ። ያ ረጅም፣ ሲር የሚል ትንፋሽ። ሁላችንም ቀና አልን። የሳበው ሰው ከፊታችን ካለው በር ወዲያ ነው፤ ትንፋሹ ግን ከጣሪያው ላይ ነው። ከዚያ ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ፣ ሳይደክም፣ የትም ግድግዳ ሳይደገፍ፣ እስከ ወንዙ ድረስ። ፀሐፊው ማይኩን አልነካም። ስም የጠየቀም ሰው አልነበረም። ጡሩምባው ሲያቆም ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ደርሶ ነበር።

ጋሽ ደምሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። አንዱን ጫማቸውን አስረዋል። ሌላው እጃቸው ላይ ነው። ሰምተው እየተነሱ ይሁን ሳይሰሙ፣ አሁንም አላውቅም።

ትናንት ከጦር ኃይሎች ቀጥታ አጎቴ ጋ ሄድኩ። አዲሱ ሱቁ ሰፊ ነው፣ መስታወት አለው፣ አቮካዶ አይሸትም። እድር ቤቱ በመንገዱ ምክንያት ስለተነሳ ሳጥኑን ለአዲሱ ቦታ እያዘጋጀው ነበር። አዲሱ ቤት ላይ የበር ሽቦ አያስፈልግም፣ ዘበኛ ተቀጥሯል። ከላይ ያለውን «አለ» መልሶ «የለም» አደረገና ተጫነው። እኔ ከጀርባው ቆሜ ነበር። አንዲት ቢጫ መስመር ወጣች።

አጎቴ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ምን እናድርጋት? ሥራ እኮ የላትም አሁን።»

«ተዋት» አልኩት። «ትናገር።»

«በተጫንን ቁጥር?»

«በተጫንን ቁጥር።»

እሱም ራሱን ነቀነቀ። ካውያው ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል፣ ስታኞው ይሸታል። ስክሪኑ ላይ «አባዬ ተጽፏል፤ የተጠቀመበት ግን የለም» ይላል። ሁለታችንም አየናት። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» ወጣ፤ አጎቴም ዞር ብሎ በሩን አየ።